የእመት ፍየል ጆሮ

እንስሳት ዳኛና መዝገብ ቤት፣ ዕድርና ኬላ ባላቸው አገር አንዲት ፍየል ነበረች። ገና ወጣት ሳለች፣ ዝናቡ በቀረበት ክፉ ዓመት፣ ከአራት እኩዮቿ ጋር ሆና በሌሊት የሚዳቋን ጎተራ ሰብራ ገባች። ሚዳቋ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ነበረች። ጎተራው ውስጥ የነበረው ደግሞ የሚበላ እህል አልነበረም፤ ለሰኔ የተቀመጠ የዘር ገብስ ነው። አምስቱ ፍየሎች እስኪነጋ ድረስ ጠራርገው በሉት።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ በኋላ «ለመሆኑ ምን አጠፋችና ነው?» የሚል አንባቢ እንዳይኖር ነው። አጥፍታለች። ርቧት ነበር፤ የሚዳቋንም ልጆች ርቧቸው ነበር። በዚያ ክረምት የሚዳቋ ማሳ ጦሙን አደረ፤ ትልቁ ልጇም ዘመድ ቤት ተጠግቶ እንዲያድግ ተላከ።

አራቱ ፍየሎች ገደል ለገደል ሸሽተው አመለጡ። እሷ ተያዘች። ዳኛ ዝሆን ከዋርካው ሥር ችሎት ተቀምጦ «ምን ትያለሽ?» ቢላት፣ «ገብቻለሁ፤ በልቻለሁ» አለች። አንድ ዓመት በረት እንድትታሰር፣ የበላችውን ዘር እንድትተካ፣ በዚያ አገር በተፈረደበት ሁሉ ላይ እንደሚደረገውም ጆሮዋ እንዲተለተል ተወሰነ። የበረቱ ዘበኛ የግራ ጆሮዋን ከጫፉ እስከ መሐሉ በስለት ሰነጠቀው። ቁስሉ ሲድን ሁለቱ ወገን ሳይገጥም ቀረ፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይል ነበር።

ዓመቷን ጨረሰች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወተቷን እየሸጠች የገብሱን ዕዳ ከፈለች። የመጨረሻውን ቁና ያስረከበች ዕለት ድንጋይ ተሸክማ ከሚዳቋ ደጅ ተንበረከከች። ሚዳቋ ወዲያው አላነሣቻትም። ቆማ ብዙ አየቻት፤ በኋላ ድንጋዩን ከትከሻዋ አውርዳ «ግቢ፣ ቡና አፍልቻለሁ» አለቻት።

ዘመን አለፈ። ፍየሊቱ አገባች፣ ወለደች፣ በመንደሩም «እመት ፍየል» እየተባለች የምትጠራ ሆነች። የተጣላ ታስታርቃለች፤ ለቅሶ ቤት ቀድማ ትደርሳለች። ለዕድሩ ጎተራ ቁልፍ ያዥ ሲፈለግ፣ ከተሰበሰበው ሁሉ መካከል ተነሥታ የእሷን ስም የጠራችው ሚዳቋ ነበረች።

የዚያ አገር ሕግ ቀላል እስራት የታሰረ ሁለት ዓመት፣ ጽኑ እስራት የታሰረ አምስት ዓመት ከተፈታ በኋላ በመልካም ጠባይ ከኖረ፣ ካሳውንም ከከፈለ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እመት ፍየልም ጠየቀች። ዳኛ ዝሆን መዝገቡን ዘግቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእመት ፍየል ጆሮ ሙሉ ነው። ጎዶሎ ነው እያለ የሚያነውራት ቢገኝ በሕግ ይጠየቃል» ሲል አወጀ።

ይህ የተረት ሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይህንኑ ይደነግጋል፤ ሁለት ዓመቱም አምስት ዓመቱም እዚያ ተጽፏል። ፍርዱ ከተሰረዘ በኋላ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የቆየ ፍርድ በክፋት እየመዘዘ ሰውን የሚያዋርድ ደግሞ ክብር በመንካት ይጠየቃል። እኔ ከሕጋችን ሁሉ ይህን ክፍል እወደዋለሁ። የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ሰው ተራ የሚመለስበት በር ነውና። ታስሮ የወጣ ሁሉ ይህ መብት እንዳለው ሊነገረው ይገባል።

የእመት ፍየል ሴት ልጅ ወደ ባሕር ማዶ፣ ወደ ንስር አገር ተሻግራ እዚያ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፦ «እማዬ፣ በጥር እወልዳለሁ። ባሌ የሌሊት ሥራ ነው፤ እኔም እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ሽማግሌዎች ስጠብቅ ነው የምቆየው። የሚያርሰኝ የለኝም። ነይልኝ።»

እናት ይህን ሰምታ ምን ታደርጋለች? እመት ፍየል ገብስ አጥባ፣ ቆልታ፣ በሶ አስፈጨች። የገንፎውን ዱቄት ለብቻ ቋጠረች። ቅቤውን በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ በጠርሙስ ሞላች፣ አብሹን ለብቻው አሰረች። ጓዟን ሸክፋ ወደ ንስር ኬላ ወረደች።

ኬላው ላይ ፎርም ተሰጣት። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ማን ዘንድ እንደምታርፍ፣ መቼ እንደምትመለስ፤ ይህን ሁሉ ያለ ችግር ሞላች። ከገጹ ወደ ታች ስትወርድ ግን እንዲህ የሚል ጥያቄ አገኘች፦ «በማናቸውም ጊዜ በወንጀል ተይዘው ወይም ተፈርዶብዎት ያውቃሉ? ይቅርታ፣ ምሕረት ወይም ይህን የመሰለ ነገር የተደረገልዎት ቢሆንም ይመልሱ።» ከጎኑ ሁለት ሳጥን ነበር፤ አዎ እና አይ።

ይህም የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ለጊዜው ለመግባት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በሚሞላው ዲኤስ-160 በሚባለው ፎርም ላይ ይህ ጥያቄ አለ፤ ስለ ይቅርታና ስለ ምሕረት የሚለውም አብሮት አለ። የዓመት ገደብ የለውም። ዐሥር ዓመትም ሆነ አርባ ዓመት፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ሳጥን ውስጥ ይገባል።

እመት ፍየል ብዕሯን አስቀምጣ ወጣች። ከኬላው ደጃፍ፣ ከአንዲት ግራር ሥር፣ ለማያነብቡት ፎርም እየሞላች የምትተዳደር እመት ጦጢት ነበረች። ነገሩን ብታማክራት ጦጢት ብዙም አላሰበችበትም።

«አይ በይ እንጂ። ዳኛው ራሱ ጆሮሽ ሙሉ ነው ብሎሻል። የአገርሽ ሕግ አልተፈረደብሽም ካለ አንቺ ተፈርዶብኛል ብለሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ይህ አነጋገር ቀላል አይደለም። ቅን ሰው እንኳ ሊቀበለው የሚችል ነገር አለበት። እመት ፍየልም ልትቀበለው ትንሽ ቀርቷት ነበር። በዚህ መካከል አያ ጅቦ ከኋላ መጥቶ ጆሮዋን ዞር ብሎ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እመቤቴ፣ ይሄንን የሚሰፋ ሰው አለኝ። ስንጥቁ እንኳን ለንስር ለእናትዎም አይታይም። ወረቀቱንም ማኅተሙንም እኔ እጨርሳለሁ። ሁለት ግልገል ብቻ፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ሲሻገሩ።»

ግልገል ሲል ሰምታ እመት ፍየል ጓዟን አንሥታ ሸሸች። በዚያ ወንዝ ዳር ከሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው አባ ኤሊ ይኖር ነበርና እሱ ዘንድ ሄደች። አባ ኤሊ አስቀምጦ እስክትጨርስ ሰማት።

«ልጄ፣ ዳኛ ዝሆን የሰረዘው ለዋርካው አገር ነው። የንስሩ ፎርም ደግሞ ቢሰረዝም ተናገሪ ብሎ ነው የጠየቀሽ። አይ ያልሽ እንደሆነ የገብሱ ነገር ይቀርና ውሸቱ ይያዝሻል። ገብሱ ምናልባት ይቅር ይባል ይሆናል፤ ኬላ ላይ የተዋሸ ግን ዕድሜ ልክ በር ያስዘጋል። ጦጢት ፎርም ሞልታ ገንዘቧን ትቀበላለች፤ ከፎርሙ ግርጌ የሚፈርመው ግን የአንቺ እግር ነው።»

«ታዲያ እውነቱን ብናገር ያሳልፉኛል?»

አባ ኤሊ አላሞኛትም። «አላውቅም» አላት። «የሰዎችንም ኬላ ስለማውቅ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፈረንጆቹ 1962 በሚሉት ዓመት ከደቡብ አፍሪካ አንድ ረጅም ሰው አዲስ አበባ ገባ። ከአገሩ የወጣው ያለ ፓስፖርት ነው። ኮልፌ ላይ የውትድርና ትምህርት ሰጡት፤ ኢትዮጵያም ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጠችው። ወደ አገሩ እንደተመለሰ ያዙትና አምስት ዓመት ፈረዱበት፤ ሦስቱ ሠራተኛውን ለአድማ ቀስቅሰሃል ተብሎ፣ ሁለቱ ያለ ፓስፖርት ከአገር ወጥተሃል ተብሎ። እሱን ሳይጨርስ በ1964 ዕድሜ ልክ ፈረዱበት። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነው።»

«እሱንማ ማን የማያውቀው አለ?»

«በ1990 ተፈታ፤ በ1993 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው፤ በ1994 የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የታገለበት ድርጅት በአሜሪካ ዘንድ በሽብር ስም ተመዝግቦ ስለነበር፣ ወደዚያ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ያንን እገዳ ያነሣው ሕግ የተፈረመው በሐምሌ 2008 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ 90 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው። መዝገብ ልብ የለውም፣ ልጄ። እሱን እንኳ እየጠየቁ ካሳለፉት አንቺን ሳይጠይቁ አይለቁሽም። ግን ጠይቀው ያሳለፉት መኖሩንም እወቂ።»

እመት ፍየል ተመልሳ አዎ በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች።

የኬላው ሹም ንስር ፎርሙን አየና ፊቱን ሳይለውጥ፣ «የፍርዱን ግልባጭ ያምጡ። ማኅተም ያለበት፣ በእኛ ቋንቋ የተተረጎመ» አላት። እሷም ወደ ዋርካው አገር መዝገብ ቤት ተመለሰች። መዝገብ ቤቱን የምትጠብቀው አይጥ ናት።

«እማማ፣ ስምዎ እዚህ የለም» አለች አይጥ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥፍሯ ስባ።

«አዎን ልጄ፤ ተሰርዞልኛል። የተሰረዘውን ፍርድ ግልባጭ ነው የምፈልገው።»

«የተሰረዘ ነገር ግልባጭ አይሰጥም።»

«እንግዲያው መሰረዙን ጻፊልኝ።»

አይጥ ብዕሯን አንሥታ ቆመች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «እማማ፣ ተሰርዟል ብዬ ከጻፍኩ ነበር ማለቴ ነው። ሕጉ ደግሞ እንዳልነበረ ቁጠሩት ብሎኛል። እኔን ያስጠይቀኛል።» ይህን ስትል በክፋት አልነበረም። ደንቡን የምትጠብቅ፣ ሥራዋን የምትፈራ ልጅ ነበረች። «ነገ ይመለሱ፤ ኃላፊውን ልጠይቅልዎ» አለቻት። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሳልስቱ ማኅተም የያዘችው ወጥታለች ተባለ።

ነገሬን ላቁምና፣ ከዚህ ተረት ውስጥ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ቦታ ነው። አንዱ አገር ልጁን ይቅር ብሎ ወረቀቱን ያጠፋል። ሌላው አገር ይቅር መባልሽን በዚያው በጠፋው ወረቀት አስረጂ ይላል። ሁለቱም በየደንባቸው ትክክል ናቸው። በመካከላቸው የቆመችው ግን በሶዋ እየሻገተ፣ የልጇ ቀን እየገፋ፣ የረሳችውን ጥፋት በየመስኮቱ ጮክ ብላ ስትናገር ትውላለች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። ዳኛ ዝሆን ማንም እንዳያነሣባት ያወጀውን ነገር አሁን የምታነሣው እሷ ራሷ ሆነች።

በመጨረሻ ወሬው ዳኛ ዝሆን ዘንድ ደረሰ። አርጅቶ ነበር፤ ዓይኑም ደክሟል። እያዘገመ መጥቶ መዝገቡን አስከፈተ፤ «ይህን ገጽ ዳግመኛ አላየውም ብዬ ነበር» አለና በራሱ እጅ ፍርዱን፣ የቅጣቱን መፈጸም፣ የካሳውን መከፈልና የፍርዱን መሰረዝ ጽፎ አተመላት። እሷ ወረቀቱን ስታስተረጉም ልጇ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጎረቤት የሆነች በግ ገንፎ አገነፋችላት አሉ። ያቺን በግ እግዚአብሔር ይስጣት።

እመት ፍየል ወረቀቷን ይዛ ኬላው ላይ ተሰልፋ ሳለች፣ በሌላው ሰልፍ አንዲት ፍየል ስታልፍ አየች። ወዲያው አወቀቻት። ጎተራውን አብራት የሰበረች፣ ገደሉን ዘልላ ያመለጠች የያኔ እኩያዋ ናት። ሁለቱም ጆሮዎቿ ሙሉ ነበሩ። ሹሙ «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» አላት፤ «የለም» አለች፤ እውነቷን ነው፤ አለፈች። ኬላው ማን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ማን እንደተያዘ፣ ማን እንዳመነ፣ ማን እንደተቀጣ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ነው ከሸሸችው ይልቅ የከፈለችው የምትጠረጠረው።

ተራዋ ደረሰ። ንስር ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። «የተፈረደብዎት ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ሕጉም ለጥፋቱ ከአንድ ዓመት በላይ የማያስቀጣ ቢሆን ኖሮ እንደ ቀላል አይቼ አልፍዎ ነበር። አንድ ዓመት ነው የተፈረደብዎት። አልችልም።» ትንሽ ቆየና ጨመረ፦ «ግን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። ሦስት ነገር ይመዘናል፦ ብንቀበልዎ ምን ጉዳት ሊመጣ ይችላል፣ ጥፋትዎ ምን ያህል ከባድ ነበር፣ የመጡበት ምክንያትስ ምንድን ነው።»

የስድስት ወሩንና የአንድ ዓመቱን መለኪያ ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው የወሰድኩት። ሦስቱ ጥያቄዎች ደግሞ የዚያው አገር የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በፈረንጆች 1978 ከወሰነው ጉዳይ የመጡ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። እኔ ሦስቱንም ጥያቄዎች እቀበላቸዋለሁ። አገር ማን ወደ ቤቱ እንደሚገባ የመጠየቅ መብት አለው፤ ሚዳቋም ብትሆን በጎተራዋ ላይ ዘበኛ ቢቆምላት ትወድ ነበር። ቅሬታዬ ጥያቄዎቹ ዘግይተው መምጣታቸው ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸው እነሱ ነበሩ።

ያቺው ጆሮ በሌላ ኬላ ሌላ ትርጉም እንደሚሰጣት እመት ፍየል የሰማችው ስትጠብቅ ነው። በዝይዎች አገር፣ ጥፋቱ አንድ ብቻ ከሆነና ከባድ ካልሆነ፣ ቅጣቱ ካለቀ ዐሥር ዓመት የሞላው እንደ ታረመ ይቆጠራል፤ ካናዳ እንዲህ ነው የምታደርገው። በካንጋሮ አገር ግን አሥራ ሁለት ወር የተፈረደበት፣ ጊዜው ቢርቅም፣ ሹሙ ሊከለክለው ይችላል፤ አውስትራሊያ እንዲህ ነች። ለእኔ የዝይዎቹ ሕግ ከሁሉ ይሻላል። ጥፋትን ይቆጥራል፤ ከጥፋት በኋላ የተኖረውንም ይቆጥራል።

ሚዳቋ የልዩ ፈቃዱን ነገር ስትሰማ ሳትጠራ መጣች። ለንስርም እንዲህ ብላ አጻፈች፦ «ጎተራዬን የሰበረችው እሷ ናት። ዘሬን መልሳለች፤ ይቅርታዬንም ከደጄ ተንበርክካ ወስዳለች። ዛሬ የዕድራችን ጎተራ ቁልፍ በእጇ ነው፤ ይሰጣት ያልኩትም እኔ ነኝ። የተበደልኩት እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ እኔ የጨረስኩትን እናንተ ለምን ትይዙታላችሁ?»

ከወራት በኋላ ፈቃዱ መጣ። ሕፃኑ ጥርስ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ክርስትናው አልፏል፤ አራሷም ከአልጋ ተነሥታ፣ ልጇን ለጎረቤት እየተወች ሥራ ከገባች ቆይታለች። እመት ፍየል አዲስ በሶ አዘጋጅታ ሄደች፤ የልጅ ልጇን ታቀፈች፤ በተባለላት ቀንም ተመለሰች። ፈቃዱ ለዚያ ጉዞ ብቻ ነበር። ልጇ ሁለተኛ ስታረግዝ ፎርሙን እንደገና ትሞላለች፤ ያው ጥያቄም ይጠብቃታል።

ከእናንተ መካከል ታስሮ የወጣ፣ ቅጣቱንም የጨረሰ ቢኖር፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ይጠይቅ፤ ሲሰረዝለትም የፍርዱንና የመሰረዙን ማስረጃ በማኅተም አስደርጎ ቤቱ ያስቀምጥ። የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛቱ በፊት የሚሄድበትን አገር ሕግ ያጣራ። ለጅብ ግልገሉን አይስጥ፤ በፎርሙም ላይ አይዋሽ። ፎርሙን የምታዘጋጁትን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «በማናቸውም ጊዜ» የሚለውን አንሡና ዓመት ጻፉበት። ዐሥር በሉት፣ ከበዛም አሥራ አምስት በሉት፤ ብቻ ዓመት ጻፉበት።